ከቢቸና እስከ ሞጣ፦ ዓለም የተማረባቸው ዓይኖች

ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ነው። መርማሪው አዲስ ጓንት ያጠልቅና የሕፃኑን የላይኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቱ ይገለብጣል። የቆቡ ውስጠኛ ገጽ ቀይ ነው፤ እዚህም እዚያም ነጫጭ እብጠቶች ይታያሉ። ጫፉ የለሰለሰ ቀጭን ዘንግ ያነሳና ገጹን ሦስት ጊዜ እያሽከረከረ ይጠርገዋል። ዘንጉ ወደ ብልቃጥ፣ ብልቃጡ ወደ በረዶ ሣጥን ይገባል። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እናቱ ታባብላለች፤ መርማሪው ጓንቱን አውልቆ ለሚቀጥለው ልጅ ሌላ ያጠልቃል። አልፎ አልፎ ደግሞ ቆሞ ለሚያይ ግር የሚያሰኝ ነገር ያደርጋል። ዘንጉን ዓይን ሳያስነካ፣ ከዓይኑ ፊት ለፊት አየር ላይ ብቻ ያንቀሳቅስና እንደ ሌሎቹ ቁጥር ሰጥቶ ያሽገዋል። በዚያ ባዶ ዘንግ ላይ ላብራቶሪው ተህዋሲ ካገኘ ናሙና አሰባሰቡ ተበክሏል ማለት ነው። በዘመናችን የዓይን ምርምር ውስጥ እጅግ ከተጠቀሱት ግኝቶች አንዳንዶቹ በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የተገኙ ናቸው።

ቦታው በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ነው። ከቢቸና ተነስቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው የሚያገኘው ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው ግንደ ወይን ይባላል። በአንድ ወገን የጮቄ ተራራ፣ በሌላው ወገን የዓባይ በረሃ ያዋስኑታል። የጤፍ አገር ነው፤ የቅኔ አገርም ነው። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም ስንት ሊቅ እንዳፈሩ ጎጃሜ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁም ከእነዚህ ጉባኤዎች ቀስመዋል። የብራና ጽሑፍ በጭላንጭል ለሚያነብ ተማሪም ሆነ ጥንድ በሬ ይዞ ለሚያርስ ገበሬ፣ ዓይን ማጣት ግማሽ ሕይወትን እንደማጣት ነው። ዓይነ ስውር ሆነው ጉባኤ የዘረጉ መምህራንን አገሩ አክብሮ ኖሯል፤ ያ ክብር ግን መታወርን ቀላል አላደረገውም።

በ1998 ዓ.ም. ግንቦት ወር በዚህ ወረዳ ትራኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ ሕክምና የሚፈትን፣ ታና የሚል አጭር ስም የተሰጠው ጥናት ተጀመረ። ሥራውን ያቀናጁት የካርተር ማዕከል የኢትዮጵያ ቅርንጫፍና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ፍራንሲስኮው ፕሮክተር ተቋም ነበሩ። በኢትዮጵያ በኩል የማዕከሉ ተጠሪ የነበሩት ዶ/ር ተሾመ ገብሬ፣ በአሜሪካ በኩል ደግሞ የዓይን ሐኪሞቹ ቶማስ ሊትማንና ጄረሚ ኪናን ስማቸው ከጥናቱ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ወረዳው በ72 ንዑስ ቀበሌዎች ተከፍሎ ዕጣ ተጣለ። በዕጣው መሠረት አንዳንዱ ንዑስ ቀበሌ ሕዝቡ በሙሉ በዓመት አንዴ አዚትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንዲወስድ፣ ሌላው በዓመት ሁለቴ እንዲወስድ ሆነ። በሌሎቹ በየሦስት ወሩ መድኃኒት የሚሰጠው ለልጆች ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲደርሳቸው የተመደቡም ነበሩ። መጠኑ የሚወሰነው ሰውን በሚዛን በማውጣት ሳይሆን ቁመቱን በመለኪያ ዱላ በማየት ነው። እርጉዞችና ጨቅላ ሕፃናት የሚሰጣቸው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነበር።

ለምን ጎጃም ተመረጠ የሚል ካለ መልሱ አሳዛኝ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ልጆች 40.1 በመቶው ትራኮማ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ቁጥሩ 62.6 በመቶ ደርሷል። ከአሥር ልጆች ስድስቱ ማለት ነው። በዓለም ላይ ከትራኮማ ጋር በሰፊው ለመግጠም የፈለገ ተመራማሪ ከዚህ የባሰ ቦታ ቢፈልግ አያገኝም ነበር።

ትራኮማ የሚመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ ፊት በሚጠረግበት ነጠላ ጫፍ፣ በዓይን አር ላይ በሚያርፍ ዝንብም ይተላለፋል። ዝንቡ በሜዳ በተጣለ ዓይነ ምድር ላይ ስለሚራባ የመጸዳጃ ቤት እጥረት ከዓይን በሽታ ጋር የተቆራኘ ነው። አንዴ መያዝ ብቻውን አያሳውርም። ጉዳቱ የሚመጣው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ሲያዝ ነው፤ የቆቡ ውስጠኛ ገጽ ይጠባሳል፣ ጠባሳው ይሸበሸባል፣ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። ያኔ ሽፋሽፍቱ በየርግብግቢቱ የዓይኑን መስታወት ይፈገፍጋል። ልጆች የሚይዙትና የሚያጥቡት ሴቶች በመሆናቸው ከወንዶች ይልቅ እነሱ ይበልጥ ይጎዳሉ።

በምሥራቅ ጎጃም ገበያዎች ወረንጦ የሚሸጠው ለጌጥ አይደለም። ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰ እናቶች በአንገታቸው አንጠልጥለውት ይዞራሉ፤ ሲቆጠቁጣቸው ጎረቤት ወይም ልጅ ፀጉሩን ይነቅልላቸዋል። የተነቀለው ግን ተመልሶ ይበቅላል። ተሰብሮ የቀረው ደግሞ አጭርና ሹል ሆኖ ከበፊቱ ይብሳል። በጭስ ጎጆ ውስጥ እንጀራ መጋገር፣ በጠራራ ፀሐይ አረም ማረም ለእነዚህ ሴቶች ምን ያህል ሥቃይ እንደሆነ ለመገመት ሐኪም መሆን አያሻም።

ወደ ታና ውጤት ልመለስ። ሕዝቡ በሙሉ በዓመት አንዴ መድኃኒት በወሰደባቸው ንዑስ ቀበሌዎች፣ ባክቴሪያው የተገኘባቸው እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ድርሻ በ42 ወራት ውስጥ ከ41.9 በመቶ ወደ 1.9 በመቶ ወረደ። በዓመት ሁለቴ በወሰዱት ደግሞ ከ38.3 ወደ 3.2 በመቶ ዝቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት ላይ በዶ/ር ተሾመ ገብሬ መሪነት የታተመው ይህ ውጤት ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛ፣ እንዲህ በከፋ ቦታም ቢሆን መድኃኒቱ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ሁለቴ መስጠት ከአንዴ መስጠት የተሻለ ውጤት አላመጣም፤ ለድሃ አገር ይህ የመኪና፣ የሰው ኃይልና የነዳጅ ግማሽ ወጪ ማዳን ነው። በየሦስት ወሩ ልጆች ብቻ በታከሙባቸው ቦታዎች ደግሞ አንድም ክኒን ያልዋጡት ከአሥር ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች እንኳ ኢንፌክሽናቸው በ47 በመቶ ቀነሰ። ልጆቹ ሲድኑ እናት፣ አባት፣ ታላቅ ወንድምም ተጠበቁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ማንም በዋናነት ያልፈለገው ግኝት ነው። ተመራማሪዎቹ የቤተሰብ ቆጠራውን ሲያመሳክሩ መድኃኒት በተሰጠባቸው ንዑስ ቀበሌዎች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች የሞት መጠን በዓመት ከሺህ 4.1 ሲሆን፣ ሕክምናው በዘገየባቸው ግን 8.3 ሆኖ አገኙት። በግማሽ መቀነሱ ነው። አዚትሮማይሲን ለዓይን የተሰጠ ቢሆንም የሳንባ ምች፣ የተቅማጥና የሌላ ኢንፌክሽን ባክቴሪያዎችንም ይገድላል። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ሲወጣ ብዙዎች ተጠራጠሩ፤ ጥናቱ የተነደፈው ሞትን ለመለካት አልነበረምና መጠራጠራቸው ተገቢ ነበር። ጥርጣሬውን ለመፍታት ሞርዶር የሚባል ትልቅ ሙከራ በኒጀር፣ በታንዛኒያና በማላዊ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲወጣ ከአምስት ዓመት በታች ልጆች ሞት በአማካይ በ13.5 በመቶ፣ በኒጀር በ18.1 በመቶ ቀንሶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሞት እጅግ በከፋባቸው አካባቢዎች መድኃኒቱ በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ለጨቅላዎች እንዲሰጥ መከረ። የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከጎንቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሕክምናው በዕጣ የዘገየባቸው ንዑስ ቀበሌዎች ነበሩ። ዕጣው ሲጣል መድኃኒቱ ሞትን ይቀንስ እንደሆነ ያወቀ ሰው አልነበረም። በዚያን ጊዜ በመላው ክልል መድኃኒት ያልደረሳቸው ወረዳዎች እጅግ ብዙ ስለነበሩም ከአንድ ዓመት በኋላ ማግኘት ጨርሶ ካለማግኘት ይሻል ነበር። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን እነዚያ ቀበሌዎች ጠብቀው ያስገኙትን ዕውቀት ዛሬ የኒጀር እናት ስትጠቀምበት፣ ጎንቻ ለዓለም ያበረከተችውን ማንም ሊዘነጋው አይገባም። ባለውለታ ናቸው፤ ውለታቸውም በወረቀት ላይ ባለ የምስጋና መስመር ብቻ አይከፈልም።

የታና ተከታይ ጥናት ደግሞ ደስ የማይል እውነት ይዞ መጣ። ሕክምናው በተቋረጠባቸው ንዑስ ቀበሌዎች ኢንፌክሽኑ ሕክምናው ከቀጠለባቸው በልጦ ተመልሶ መጣ። በዋግ ኽምራ የተካሄደውና በሰለሞን አራጌ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ፣ ውሃና ንጽሕና ላይ ለዓመታት መሥራት ብቻውን ኢንፌክሽኑን በሚታይ መጠን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ከዚህ ተነስቶ ፊት መታጠብ ዋጋ የለውም የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ስሕተት ነው፤ ነገሩ ሥር የሰደደና ዓመታት የሚወስድ መሆኑን ግን ያሳያል። በሽታው ጠፋ ለማለት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ልጆች የታመሙት ከመቶ ከአምስት በታች መሆን አለባቸው። ብዙ የአማራ ወረዳዎች ወባንና ትራኮማን በአንድነት ከሚዋጉት የማልትራ ሳምንት ዘመቻዎች ዓመታት በኋላም እዚያ አልደረሱም።

ቆቡ ተቀልብሶ ላበቃለት ዓይን መድኃኒት አይደርስለትም፤ የሚደርስለት ቀዶ ሕክምና ነው። ይህንንም ዓለም በአብዛኛው የተማረው ከአማራ ክልል ገበሬዎች ዓይን ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት ባብዛኛው የዓይን ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናቸው። ታካሚዋ በጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ትጋደማለች፤ ቆቡ በማደንዘዣ መርፌ ይደነዝዛል። ቆቡ ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ ወደ ውጭ ተገልብጦ በጥቂት ስፌት ይያዛል፤ ዓይኑ ታሽጎ ያድራል። ትልቁ ጥያቄ በየትኛው ወገን ይቆረጥ የሚለው ነበር። በሙሉ ውፍረቱ ወይስ ከውስጠኛው ገጽ ብቻ? በለንደን የንጽሕናና የሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ቤት የሠሩትና በኋላ በባሕር ዳር እዩ ኢትዮጵያ የተባለውን የዓይን ምርምር ማዕከል ያቋቋሙት ዶ/ር እስማኤል ሃብታሙ፣ ከፕሮፌሰር ማቲው በርተን ጋር ሆነው 1,000 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለቱ ዘዴዎች መደቡ። ከዓመት በኋላ ሽፋሽፍቱ እንደገና የተመለሰባቸው ሙሉ ውፍረቱ በተቆረጠባቸው ዘንድ 22 በመቶ፣ ከውስጠኛው ገጽ ብቻ በተቆረጠባቸው ዘንድ 13 በመቶ ሆኑ። ወረንጦም ተፈትኗል። ጥቂት ፀጉር ብቻ ለተቀለበሰባቸው ሰዎች ጥሩ ወረንጦ ሰጥቶ አንድ ዘመድ አነቃቀሉን ማስተማር፣ ከቀዶ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በእይታ ላይ ልዩነት አላመጣም። ቀዶ ሕክምናን ለምትፈራ ወይም ለማትደርስ ሴት ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ይህ ሁሉ የተሠራው ሰውን ከመታወር ማዳን ለሚቻልበት በሽታ ነው። አሁን ወደ ሌላው፣ ወደ ግላኮማ ልለፍ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም እዚህ ላይ ነው። በዚያው በ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውራን መካከል በዓይን ሞራ የታወሩት ግማሽ ያህሉ፣ በትራኮማ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ በግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ ነበሩ። ትራኮማ እየቀነሰ ሄዷል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ግላኮማ ግን እየጨመረ የሚሄድ በሽታ ነው፤ ሕዝብ ዕድሜ ሲያገኝ እሱም አብሮ ይበዛል። በዓለም እ.ኤ.አ. በ2040 ወደ 112 ሚሊዮን ሰዎች ይይዛቸዋል ተብሎ ተገምቷል።

በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሳያቋርጥ እየተመረተ ሳያቋርጥ ይወጣል። መውጫው ሲደፈን ግፊቱ ይጨምራል፤ ምስልን ከዓይን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭም ቀስ በቀስ ይሞታል። መጀመሪያ የሚጠፋው የጎን እይታ ስለሆነ ሰውየው አይታወቀውም። ያነባል፣ ክር መርፌ ውስጥ ያስገባል፣ ፊት ለይቶ ያያል። በአጠገቡ የሚያልፈውን በሬ ግን አያይም፤ በደረጃ ላይ ይደናቀፋል። ሲነቃ አንድ ዓይን ሄዷል። የሞተ ነርቭ ደግሞ አይነሣም።

በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ግላኮማን ለረጅም ዓመታት ያከሙና ያጠኑ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ዶ/ር አበባ ተ/ጊዮርጊስ ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በጥናቶቻቸው የገለጹት ሥዕል ከሌላው አፍሪካ ጋር ይመሳሰላል፤ ታካሚው የሚመጣው በሽታው ከገፋ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ዓይን ከጠፋ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ባሕርይም አለው። በዓይን ሌንስ ላይ አመድ መሰል ነጭ ብናኝ የሚዘራ ኤክስፎሊዬሽን የተባለ ሁኔታ እዚህ በብዛት ይታያል። ብናኙ የፈሳሹን መውጫ ይደፍናል፤ የሚያመጣው ግላኮማም ከተለመደው ይልቅ ፈጥኖ ዓይን ይጎዳል።

በገጠር ያለውን አደጋ የሚያባብሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስለ ሞራ የሚነገረው ምክር ነው። ሞራ ያለበት ሰው «ሞራው ይብሰል፣ ከዚያ ይገፈፋል» ይባላል። ግላኮማ ያለበት ሰው ይህን ሰምቶ እቤቱ ከተቀመጠ ያለውን ዓይን በገዛ ፈቃዱ እየሰጠ ነው። ሁለተኛው ዴክሳሜታዞንና መሰል የስቴሮይድ ጠብታዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መጠቀም ነው። በበልግና በበጋ ዓይናቸው የሚያሳክካቸው ልጆች በአገራችን ብዙ ናቸው። ወላጅ ጠብታውን ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፣ ማሳከኩ በአንድ ቀን ይተዋል፣ ሲመለስ እንደገና ይገዛል። ከወራት በኋላ ግፊቱ ጨምሮ የልጁ ነርቭ ይጎዳል። ይህ በጊዜ ከተደረሰበት የሚቆም ጉዳት ነው፤ ለዚህ ነው ከሁሉም የበለጠ የሚቆጨው።

ሕክምናው አለ፤ ለጎንቻ ገበሬ ግን እንደ ስሙ ቀላል አይደለም። ጠብታ ካልተቋረጠ ይሠራል። ቲሞሎል ርካሽ ነው፤ አስም ላለበት ግን አይሆንም። ላታኖፕሮስት የተሻለ ነው፤ ገና ያልተከፈተው ጠርሙስ ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። በምኒልክ ሆስፒታል ዶ/ር አበባ ከሌሎች ጋር ባደረጉት ጥናት ጠብታቸውን እንደታዘዘላቸው የሚወስዱት ታካሚዎች ከግማሽ በታች ሆነው ተገኝተዋል። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ከሆነ በየወሩ አውቶብስ ተሳፍሮ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መሄድ ያለበት ሰው ምን ያደርጋል? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉን ያጠቃው ጦርነት መንገዱን ራሱን አጠራጣሪ አድርጎታል። ታካሚው ሊያገኘው የሚገባው ሐኪም እጅግ በብዛት የሚገኘውም በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነው።

ከታንዛኒያ የመጣ ውጤት ግን ተስፋ ይሰጣል። በሞሺ ከተማ በኪሊማንጃሮ ሆስፒታል በተደረገ ሙከራ ግማሾቹ ታካሚዎች ቲሞሎል ጠብታ እንዲያደርጉ፣ ግማሾቹ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ የሌዘር ሕክምና እንዲያገኙ በዕጣ ተመደቡ። ከዓመት በኋላ ጠብታው የተሳካላቸው ዓይኖች 31 በመቶ ሲሆኑ ሌዘሩ የተሳካላቸው 61 በመቶ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ይህ ግኝት ለቢቸናና ለሞጣ ትርጉም አለው። አንድ ሌዘር ማሽን በዞን ሆስፒታል ቢቀመጥና አንድ ሐኪም በየጊዜው ቢመጣ፣ በየወሩ የመድኃኒት ቤት ደጃፍ ከሚያስጠናው ሕክምና የተሻለ ነው። በግላኮማ ሕክምና ዘንድ ትራኮማን በመላው ወረዳ እንዳከመው ያለ ክኒን የለም፤ ያሉት መሣሪያ፣ ሐኪምና በጊዜ መድረስ ናቸው።

የዓይን ተመራማሪ ሥራው በታተመበት መጽሔት ስም ይለካል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በታና ጥናት ውስጥ ከነበሩት አንዳንዶች ዛሬ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ይገባቸዋልም። ቢሆንም ቀጣዩ ትውልድ ከጎንቻ ልጆች የዓይን ቆብ የተገኘውን ልምድ ይዞ ወደ እነዚሁ ልጆች አባቶችና አያቶች የዓይን ነርቭ ካልመጣ ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል። የታና መንገድ ግልጽ ነው፤ ቤት ለቤት መቆጠር፣ በዕጣ መመደብ፣ የማይዋሽ ልኬት፣ ባዶውንም ዘንግ ማሸግ። በምሥራቅ ጎጃም ግላኮማን በዚህ ዓይነት ጥንካሬ የሚፈትን ጥናት ያስፈልጋል፤ ቀድሞ በተሠራበት ሕዝብ ዘንድም እምነቱ አለ።

የጤና ቢሮዎች ኃላፊዎችን የምጠይቀው ይህን ነው፦ በቢቸናና በሞጣ ሆስፒታሎች በባትሪ የሚሠራ የዓይን ግፊት መለኪያና ግፊቱን መለካት የሠለጠነ የዓይን ነርስ ሳይጠፋ እንዲኖር አድርጉ። አንባቢ ሆይ፣ ከ40 ዓመት በላይ ከሆንክ፣ በተለይ አባትህ፣ እናትህ፣ ወንድምህ ወይም እህትህ በግላኮማ የታመሙ ከሆኑ፣ ዓይኔ ያያል ብለህ አትዘናጋ። ወደ ዓይን ክሊኒክ ሄደህ ግፊቱን ብቻ ሳይሆን ነርቩንም እንዲያዩልህ ጠይቅ። ድንገት ዓይንህ ቀልቶ ቢያምህ፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ብታይና ቢያስመልስህ እስከ ነገ አትጠብቅ፤ በዚያኑ ቀን ሐኪም ፈልግ። ለልጅህም ያለ ትእዛዝ የዓይን ጠብታ አትግዛ።